አሳዛኝ ግጥም አነበብኩ፣ ሰው ግን አጨበጨበ

ደብዳቤው፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። የድሮው ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰንና አራተኛ ፎቅ ገባን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮ የነበራት ሰው ናት። አሁን በረንዳው ላይ የቀለም ባልዲ ደርድራ ቆስጣና ቃሪያ ትተክላለች። አፈሩን እንኳን ከድሮው ግቢ በጆንያ አስጭና ነው ያመጣችው። ስታጠጣ ውሃው ሦስተኛ ፎቅ በተሰጣ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፤ በየሳምንቱ ጭቅጭቅ ነው።

ስለ እሷ ግጥም ጽፌ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ በተዘጋጀ የግጥም ምሽት ላይ አነበብኩት። አራተኛው ስንኝ ላይ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረና እስከ መጨረሻው በጭብጨባ አጀበኝ። እኔ እኮ ሰው የማስለቅስ መስሎኝ ነበር የወጣሁት! ከመድረክ ስወርድ አንዷ ጓደኛዬ «ድምፀቱ ተበላሽቷል» አለችኝ። ሌላው «ድባብ የለውም» አለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ቤት መምታቱን ተዪው፣ ጊዜው ያለፈበት ነው» ይለኛል። ድምፀትና ድባብ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያበላሸብኝስ ቤት መምታቱ ነው? ግጥሙ ይኸውልዎት፦

ማልዳ ማልዳ ትነሳለች፣
ባልዲ ባልዲ ታጠጣለች፤
ቃሪያው ሲሰንፍ ትቆጣለች፣
«እደግ እንጂ!» ትለዋለች፤
ጌሾ ነበር በጓሯችን፣
ጤና አዳሙም በደጃችን፤
ዛሬ ሁሉም አልፎ ጠፋ፣
ሆዴም ባባ ልቤም ከፋ።

የባለቃሪያዋ ልጅ

መልስ፦

የባለቃሪያዋ ልጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከሳቁ ልጀምር፤ ይበልጥ የከነከነሽ እሱ ይመስለኛል። ሰው የሳቀው አንቺ ላይ አይደለም። አንዲት እናት ቃሪያን እንደ ሰነፍ ተማሪ ስትቆጣ ታየችው፣ ሳቀ። እኔም ሳነበው ስቄያለሁ። «እደግ እንጂ!» ከስምንቱ ስንኞች ምርጧ ናት። ማንም ምንም ቢልሽ እንዳታወጫት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ድምፀት የተናጋሪው ነው። ግጥሙ ውስጥ የሚናገር ሰው አለ። ያ ሰው ስለሚያወራው ነገር ምን ይሰማዋል? ይወደዋል፣ ይንቀዋል፣ ያፌዝበታል፣ ይቆጭበታል? ይሄ በቃላት አመራረጡና በአነጋገሩ ሲሰማን ድምፀት እንለዋለን። ድባብ ግን ወደ አድማጩ ያደላል። ግጥሙ ሲነበብ ቤቱን የሚሞላው ስሜት ነው። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ላይሄዱም ይችላሉ። ተናጋሪው እየቀለደ አድማጩን ሆድ ሊብሰው ይችላል። እኔ የምወዳቸው ግጥሞች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

አንድ የጓሮ ሥራ እንውሰድ፤ አንዲት ችግኝ ውሃ ማጠጣትን። አንዱ «ዛሬም አጠጣኋት፤ ታፍር እንደሆነ እናያለን» ይላል። ሌላው «አጠጣኋት» ብሎ ዝም ይላል። ሦስተኛው «እባክሽ፣ አንዲት ቅጠል እንኳን» እያለ ያጠጣል። ሥራው ያው ነው። ውሃውም ያው ነው። ድምፀቱ ግን ሦስት ነው። የመጀመሪያው ይቀልዳል፣ ሁለተኛው ሰልችቶታል ወይም ተስፋ ቆርጧል፣ ሦስተኛው ይለምናል።

ድባቡን ለማወቅ ይህ ብቻ አይበቃም። ሦስተኛው ሰው የሚለምነው መቼ ነው? የበልግ ዝናብ የቀረበት ሚያዝያ ላይ ከሆነ ጭንቅ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ጎርፉ መሃል ቆሞ ከሆነ የሚያጠጣው ግን ወይ ያስቃል ወይ ያስፈራል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ዙሪያው ነው የተለወጠው። ድባብ የሚሠራው ከቦታው፣ ከወቅቱ፣ ከብርሃኑ፣ ከሽታው፣ ከጎረቤቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ተክል የተጻፈ ግጥም ሁሉ ድባቡ «ተስፋ» ነው የሚል አመለካከት አለ። የፈተና ወረቀት የወለደው ይመስለኛል። ለምለም ቅጠል ካየ ተማሪው «ተስፋ» ብሎ ይጽፋል፣ መምህሩም ያርመዋል፣ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ። አትክልት የተከለ ሰው ግን ያውቃል። ጓሮ ውስጥ ንዴት አለ፣ ጉጉት አለ፣ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ጠብ አለ፣ አንድ ማለዳ ተነስተሽ ትል የጨረሰው ጎመን ፊት መቆም አለ። ያንቺ ግጥም ከዚህ የተስፋ ወጥመድ አምልጧል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው።

ታዲያ ጭብጨባው ከየት መጣ? የግጥምሽን ቀለማት፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚወጡትን ድምፆች፣ በጣትሽ ቁጠሪ። ማል-ዳ-ማል-ዳ፣ ት-ነ-ሳ-ለች። አራት፣ አራት። ባል-ዲ-ባል-ዲ፣ ታ-ጠ-ጣ-ለች። አሁንም አራት፣ አራት። ይሄ ምጣኔ ቡሄ በሉ ይባላል። ነሐሴ 13 ሲደርስ መሬቱን በዱላ እየመቱ በየደጁ የጨፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። አዳራሹ ውስጥ በዚህ ምት ሙልሙል የተሸለሙ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። ምቱን ሲሰሙ እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው ተነሳ።

እኛ ምትን የምንሰማው ከቃሉ ቀድመን ነው። ከሩቅ ሙሾ ሲወርድ ቃሉ ሳይለይልን ለቅሶ ቤት መኖሩን እናውቃለን። ቀረርቶም እንደዚያው፤ እሹሩሩም እንደዚያው። አንቺ ደግሞ ስምንቱንም ስንኝ በአንድ ምት ነድተሽዋል። እናትሽ ማልዳ ስትነሳ አራት አራት። ጌሾው ሲነሳ አራት አራት። «ሆዴም ባባ ልቤም ከፋ» ስትዪም አራት አራት። ቃሉ ወደ ሐዘን ዞሯል፤ ምቱ ግን ገና ሙልሙል እየጠየቀ ነው።

ይህ ማለት ምጣኔው ስህተት ነው ማለት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች እንዲያውም ልክክ ያለ ነው። እናትሽ ፈጣን ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ትቆጣለች። «ታጠጣለች»፣ «ትቆጣለች» ውስጥ ያሉት ጠንካራ ድምፆች ራሳቸው ባልዲ ሲጋጭ ያሰማሉ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ትሰሚዋለሽ። ችግሩ መታጠፊያው ላይ ነው። ከአምስተኛው ስንኝ በኋላ ግጥሙ ሌላ ነገር ሊነግረን ፈልጓል፤ እግሩ ግን ጭፈራውን አላቆመም።

የቤት አመታቱን ነገር እንየው። ትነሳለች፣ ታጠጣለች፣ ትቆጣለች፣ ትለዋለች። አራቱም በ«ለች» ያልቃሉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ሰው የሚያደርገውን ደርድረሽ ከጻፍሽ ቤቱ ራሱ ይመታልሻል። ምንም አያስከፍልሽም። አድማጭም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሦስተኛው በምን እንደሚያልቅ ገምቷል። ሲገምት ልቡ ያርፋል። ልቡ ሲያርፍ እጁ ሥራ ይፈልጋል።

እዚህ ግን ለአንቺ አንድ የምከራከርልሽ ነገር አለ። የእናትሽ ማለዳዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ የስንኞቹ መጨረሻ ቢመሳሰል ያምርበታል። በየቀኑ ያንኑ ታደርጋለች፣ በየስንኙ ያው «ለች» ይመለሳል። ይህን አስበሽበት ያደረግሽው ከሆነ ጎበዝ። ሳታስቢበት ከሆነም ይሁን፤ ተዪው ይቆይ። «በጓሯችን» እና «በደጃችን» ግን የሚከላከልላቸው የለም። የሚመታው «ችን» የሚለው ቅጥያ ብቻ ነው። ከጓሮ ወደ ደጅ ለመሄድ አንድ ሙሉ ስንኝ አባክነሻል።

ብዙ ማውራት የምፈልገው ስለ ጌሾው ነው። ለምን እንደጻፍሽው አላውቅም፤ ምናልባት በትክክል ስለነበራችሁ ብቻ ይሆናል። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው። አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይኖራል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይቆረጣል፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ለወጥ ይደርሳል። ቃሪያም ከዘሩ ተነስቶ ፍሬ እስኪያንጠለጥል የወራት ጉዳይ ነው። ጌሾ የሚተክል ሰው እዚያው ቦታ ሊያረጅ ያሰበ ሰው ነው። በቀለም ባልዲ ቃሪያ የሚተክል ሰው ደግሞ…

አየሽ፣ አልጨረስኩትም። አንቺም አትጨርሺው፤ አድማጩ ይጨርሰዋል። እናትሽ ከጌሾ ወርዳ ቃሪያ ላይ ደርሳለች። ሐዘንሽ ያለው እዚህ ነው፣ ሁለት ተክል ውስጥ። አንቺ ግን ይህን ይዘሽ ሳለ «ዛሬ ሁሉም አልፎ ጠፋ» ብለሽ በጅምላ ሸጥሽው። «ሁሉም» ማለት ምን ማለት ነው? አድማጭ «ሁሉም» የሚባል ነገር ዓይኑ ላይ አይመጣለትም፤ ጌሾ ግን ይመጣለታል። ጤና አዳሙም እንዲሁ ስሙ ተጠርቶ አለፈ። ቡና ሲኒ ውስጥ ሲገባ ቤቱን የሚያውደው ተክል አንቺ ግጥም ውስጥ አይሸትም። ድባብ ያልኩሽ እኮ እንዲህ ካለው ሽታ ነው የሚገኘው።

ሌላም ነገር። በግጥሙ ውስጥ ያለችው ሴት አላዘነችም። ሥራ ይዛለች፣ ቃሪያውን ትቆጣለች። ያዘነሽው አንቺ ነሽ። ይህ ጥሩ ነው፤ እናት ባልዲዋን ስትደረድር ልጅ ቆማ የምታየው ነገር አለ ማለት ነው። እስከ ስድስተኛው ስንኝ ድረስ ዓይንሽ እሷ ላይ ነበር። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ዓይንሽን ከእሷ አንስተሽ ራስሽ ላይ አዞርሽው፤ ሆዴ፣ ልቤ። ድምፀቱ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ «ድምፀቱ ተበላሽቷል» ያለችሽ ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። ከመጀመሪያው አልተበላሸም፤ መጨረሻው ላይ ነው ከእጅሽ ያመለጠው። ሁለቱን የመጨረሻ ስንኞች ብታወጫቸው ግጥሙ የሚጎድለው ነገር የለም። ባይሆን ዛሬ ማታ አውጥተሻቸው አንብቢው፣ ልዩነቱን ጆሮሽ ይነግርሻል።

«ድባብ የለውም» ያለው ጓደኛሽ ደግሞ እኔ እንደማየው ልክ ነው። ቅር አይበልሽና፣ ደብዳቤሽ ከግጥምሽ ይበልጣል። አራተኛ ፎቅ መሆናችሁን እኔ ያወቅኩት ከደብዳቤው ነው። ኮንዶሚኒየሙን፣ በረንዳውን፣ በጆንያ የመጣውን አፈር፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ የሦስተኛ ፎቋን ጎረቤት፣ ሁሉንም ያገኘሁት እዚያ ነው። ግጥሙ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። አዳራሹ የነበረው ሰው ባልዲ ሰማ፤ ባልዲ ደግሞ የትም ግቢ ይገኛል። እንዴት ይዘንልሽ? ያቺ ሴት ውሃ የምታጠጣው ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ መሆኑን አላየማ!

አፈሩ ብቻ ይበቃሽ ነበር። ሰው ቤት ሲለቅ ሶፋ ይጭናል፣ ቁምሳጥን ይጭናል። አፈር የጫነች ሴት ስትመጣ ስለ ሐዘን አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም። ውሃው ታች ልብስ ላይ መንጠባጠቡም ለቀልዱ ጥሩ ነው፤ ቀልዱንና ሐዘኑን ባንድ ስንኝ የሚይዝልሽ እሱ ሊሆን ይችላል። (ለጭቅጭቁ ግን ግጥም አይበቃም፤ ከባልዲዎቹ ሥር ጠርዝ ያለው ሰፊ ትሪ አድርጉበት።)

ምን ማለቴ እንደሆነ እንድትሰሚ ያንቺኑ ነገር በሌላ ምጣኔ ሞከርኩት። የወል ቤት ይባላል፤ ስድስት ስድስት ነው። የተጻፉ የአማርኛ ግጥሞች በብዛት የሚሄዱት በእሱ ነው። ረዘም ስለሚል እጅ ቶሎ አይከተለውም፦

አፈሩን በጆንያ ጭና ከሰፈሩ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ብረት ሆነ አጥሩ፤
ቃሪያው ሲሰንፍባት «እደግ እንጂ» ብላ፣
ትጠብቀዋለች በልብስ ማስጫው ጥላ።

ይህን ውሰጂው አይደለም የምልሽ። «ሆነ አጥሩ» ሲነበብ ይጎረብጣል፣ ሁለቱ አናባቢዎች ይጋጫሉ። ግን ቤቱን ተመልከቺ። «ሰፈሩ» እና «አጥሩ» ስሞች ናቸው፤ «ጥላ»ም ስም ነው። ግሱን ወደ መሃል ስገፋው መጨረሻ ላይ የቆመው ነገር ዕቃ ሆነ። አድማጩም «ትጠብቀዋለች»ን ከሰማ በኋላ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ይሰማል። ደግሞም «ከፋኝ» የሚል ቃል የለበትም። ድምፀቱ አሁንም የዋዛ ነው፤ ቃሪያው አሁንም ይሰደባል። ሳቁ እዚያው ቦታ ላይ ይመጣል፤ ግን ከሳቁ በፊት ጆንያው ገብቷል፣ የብረት አጥሩም ገብቷል።

እኔን ብትጠይቂኝ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለሽ። የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች እንዳሉ ተያቸው፤ አራት አራት ይጨፍሩ። ከዚያ ጌሾው ላይ ስትደርሺ ወደ ስድስት ስድስት ቀይሪ። ሰው እያጨበጨበ ይመጣና እጁ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ግጥም በአንድ ምጣኔ መጀመርና ማለቅ አለበት የሚሉ መምህራን አሉ፤ በዚህ አይስማሙም። እኔ ግን ያ የተንጠለጠለ እጅ ከ«ሆዴም ባባ» የበለጠ ሥራ ይሠራልሻል ባይ ነኝ። ስድስቱ ከረዘመብሽ ሰንጎ መገን አለልሽ፤ አምስት አምስት ነው፤ ከሁለቱ መሃል ይውላል።

የአክስትሽን ልጅ በተመለከተ፦ ቤት የማይመታ ግጥም በአማርኛ ከ1960ዎቹ ጀምሮ መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል። እሱም ቢሆን እንግዲህ አርጅቷል። ቤት መምታትን መተው መብትሽ ነው፤ በሽታሽ ግን እሱ አይደለም። ቤቱን ብታፈርሺው እንኳን «ልቤም ከፋ» እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ደግሞ ስለ አትክልት የምትጽፊ ከሆነ ለጊዜው ባትተዪው እመርጣለሁ። ቃሪያ፣ ባልዲ፣ ጆንያ፣ አፈር፣ ጥላ፤ እነዚህ አጫጭር ስሞች ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲቆሙ ያምርባቸዋል።

እንደገና ስትጽፊው አንድ ነገር አድርጊ። ከእያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ጎን ሁለት ቃል በእርሳስ ጻፊ፦ እዚህ የምናገረው እንዴት ነው፣ እዚህ የሚሰማው ሰው ምን ይሆናል። ቃላቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ አትደንግጪ። የተለያዩ ከሆኑም አትደንግጪ። ሁለተኛው ቃል ጎን መልስ ካጣሽ ግን እዚያ ቦታ የሚታይ ወይም የሚሸት ነገር ጎድሎሻል ማለት ነው፤ ወደ በረንዳው ውጪና ፈልጊው።

ለንባቡ ደግሞ፣ «እደግ እንጂ!» ካልሽ በኋላ አትሩጪ። ሳቁን ጨርሰው ይሳቁት። ጭብጨባ ከጀመሩ አብረሽ አትሂጂ፤ ዝም በይና ጌሾውን ጸጥ ሲል ጀምሪው።